ለቮልሱ የቆረጥኩት ወረቀት

ከመሳለሚያ እስከ አማኑኤል እንደኔ ጓርኒሲዮን የሚቆርጥ ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ። ይኼን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ጓርኒሲዮን ማለት በሁለት ብረት መሀል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ወረቀት ነው። ብረቱን ያመጡልኛል፣ ወረቀቱን ከላዩ አነጥፋለሁ፣ ጠርዝ ጠርዙን በትንሿ መዶሻ ቀስ እያልኩ እነካካዋለሁ፣ ብረቱ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። መቀስ ይዘው የሚታገሉትን ሳይ ያስቀኛል። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት አባቴን ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት ሱቁ ውስጥ መዶሻ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ነው እንጂ ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። ሰነፍ ነበርኩ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አባቴ ፈርሀት ይባላል። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከታመመ በኋላም ሱቅ መምጣቱን አልተወም። ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችልም፣ የራሱ አሮጌ ቮልስ ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ ሲል እግሩን እኔ አስገባለታለሁ። መካኒኩ ጎረቤታችን ማሙሸት ጋራዡ ከሱቃችን ጀርባ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ይነዳለታል። ከዚያ አባ በሩ ላይ ወንበር ይዞ ሲሰድበኝ ይውላል። «ቀስ በይ፣ ሚስማር እየመታሽ ነው እንዴ?» ይለኛል። ሰው ሰላም ይለዋል፣ እሱም የሁሉንም መኪና በስሙ ይጠይቃል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል።

ታዲያ ቮልሱ ማጨስ ጀመረ። ሞተሩ ይታደስ ተባለና ወረደ። አባ የዚያን ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እማ ስታበላው ብቻ ይዞራል፤ ሊጠይቁት ሲመጡ «ተኝቷል በሏቸው» ይላል። እኔም ለራሴ ማልኩ፦ አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይነግረው፣ የቮልሱን ድምፅ በራችን ላይ አሰማዋለሁ። በዚያ ድምፅ ካልተነሳ በምንም አይነሳም።

ማሙሸት ቪትስ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። የቮልስ ሞተር ግን ነክቶ አያውቅም። የቮልስ ሞተር ሆዱ ሁለት ግማሽ ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው ኮሎ የሚሉትን ወፍራም ዘንግ መሀላቸው ያቅፉታል፣ ኮሎው እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል።

«ዱንያ፣ እዚህ መሀል የሚገባ ጓርኒሲዮን የለም» አለኝ፣ የገዛነውን የጓርኒሲዮን እሽግ ገልብጦ እያራገፈ። «የሌላው ሁሉ አለ፣ የዚህ የለም።»

«ረስተውት ነዋ።»

«ፋብሪካ ይረሳል?»

«አንተ ትናንት ምሳህን ረስተህ የኔን በልተሃል። ፋብሪካም ውስጥ እንዳንተ ያለ አይጠፋም። ቁጭ በል፣ እኔ እቆርጥልሃለሁ።»

ቆረጥኩት። ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ፣ ኩርባው በኩርባው ላይ ልክ አረፈ። ማሙሸት ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና «ይኼንንስ ግድግዳ ላይ ነበር መስቀል» አለ። ለነገሩ ልክ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። ሲመሽ ከሥሩ የብስኩት ካርቶን አነጠፍን፤ ጠዋት ካርቶኑ ላይ የስኒ አፍ የምታክል ጥቁር ክብ ጠበቀችን። ዘይቱ የሚመጣው ኮሎው ከሞተሩ በሚወጣበት በኩል ነው። እዚያ ጋ ዘይቱን የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ። የሚያፈሰው ዘይት ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለውን ፍሪሲዮን ያርሰዋል፤ ፍሪሲዮን ከራሰ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው ዳገት አይወጣም። አባን ጭነን መሀል መንገድ ላይ ልንቆም ነው ማለት ነው።

«ቀለበቱ ነው» አልኩ። ማሙሸት ሞተሩን አውርዶ ቀለበቱን ቀየረ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ ነበር።

«የሸጠልህ ሰውዬ አታሎህ ነው» አልኩ። ከሌላ ሱቅ አመጣ። ክቡ ሳህን አከለ። የኔ ወረቀት ያለበት መጋጠሚያ ግን ደረቅ ነበር። ጣቴን እያሳለፍኩ ለማሙሸት አሳየዋለሁ፦ «ና እይ፣ አንድ ጠብታ ካገኘህ ስሜን እቀይራለሁ።»

«እንግዲያው ልብስ አስጪበት» አለኝ። ቀልዱም እንደ በፊቱ አልነበረም፣ ፊቱ ከስቶ ነበር።

ማታ ማታ አባ ወደ ግድግዳው እያየ «ቮልሱስ?» ይለኛል።

«ሊያልቅ ነው። ትንሽ ነገር ነው የቀረው።»

«ምንድነው ትንሹ?»

«አንተ ምን አስጨነቀህ አባ፣ ተኛ።»

ይተኛል። ማለቴ ብርድ ልብሱን ይስባል። ትከሻው ከቀን ቀን ሲያንስ ከጀርባው ይታየኛል።

በመጨረሻ ገባኝ ብዬ ማሙሸትን ጠራሁት። «ቀለበቱ አጠገብ ወረቀቱ ሳስቶ ነው። ወፍራሙን እቆርጣለሁ።»

«እንደገና ሙሉውን ልፈታው ነው?»

«ሰነፍክ?»

ፈታው። ወፍራሙን ቆረጥኩ፤ ከመጀመሪያውም ያምር ነበር። ገጠመውና አስነሳው። ትንሽ እንደሠራ ከሆዱ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ዘይቱም ካርቶን እስኪነጠፍለት እንኳ አልጠበቀም። ማሙሸት አጠፋውና ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እንደገና ፈታው። ኮሎው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበር፣ ኮሎውን የሚያቅፈው የሆዱ ብረትም ተበልቷል።

«ሌላ ኮሎ ብንፈልግስ?» አልኩት።

«ኮሎውን የት ልታስቀምጪው? ሆዱም ሄዷል።»

«ሆዱንስ ብንፈልግ?»

«ዱንያ፣ ሞተሩ አልቋል። በቃ።»

ወፍራሙን ወረቀት ሰጠኝ፣ እጁን በናፍጣ ታጠበና የሰው ቪትስ ሥር ገባ። ሳይቀልድብኝ ሲሄድ ነው የፈራሁት።

በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ቀሚሴን ነካው፣ አሽቀንጥሬ መጣልም አቃተኝ። አባ እንደተወኩት ነው፣ ፊቱ ግድግዳው ላይ።

«አባ፣ ቮልሱ አልተሠራም» አልኩት። «አይሠራምም።»

ዞረ፤ ለምግብ ሳይጠራ ሲዞር በስንት ጊዜው ነው። ሌላ ቃል እንዳይመጣብኝ ብዬ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስቀመጥኩለት። በደህናው እጁ አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ዙሪያውን ዞረበት፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ነካ። ደህናው የከንፈሩ ወገን ፈገግ አለ።

«አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ እጅ ነው።»

ሱቁ በር ላይ ያን ሁሉ ሲሰድበኝ ከርሞ አንዴም ይኼን ብሎኝ አያውቅም።

«የምንድነው?»

«የቮልሱ። የሆዱ፣ የሁለቱ ግማሽ መሀል።»

አውራ ጣቱ ባለበት ቆመ።

«ቮልስ እዚያ ጋ ወረቀት የለውም» አለ።

«እሽጉ ውስጥም አልነበረም፣ ረስተውት...»

«አልረሱትም። ብረት በብረት ነው የሚገጠመው። ስስ ማጣበቂያ ይቀባል፣ አለቀ።» ምላሱ ስለሚከብደው ቃሉን እያኘከ ነው የሚያወራው። «ወረቀት ስታስገቢ ግማሾቹ ይራራቃሉ። ቀለበቱ የሚቀመጥበት ክብ መሆኑ ይቀራል፣ እንቁላል ይሆናል። በየት በኩል ዘይት ይያዝ? ኮሎውም ቤቱ ይሰፋዋል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንኳኳ?»

«አንኳኳ።»

ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ማሙሸትን ልሰድብ ነበር፣ ፋብሪካውን ልሰድብ ነበር፣ ስድብ ደግሞ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም። ማልቀሴን እንዳያውቅብኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ እያወቅክ ለምን አልነገርከኝም?»

ወረቀቱን እጄ ላይ መለሰልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መች ጠየቅሽኝ?» አለ።