የፕሬዚዳንቱ ጠበቃ

ዘቢባ ከድርን ያወቀችው በድምፁ ነው።

ጂዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ረሂማ የተከራየችው ክፍል ውስጥ አርብ አርብ ሐበሻ ይሰበሰባል። ማዳሟ የፈቀደችላትም፣ ከካፊሏ፣ ከአሠሪ ዋሷ፣ የጠፋችም መዋያዋ እዚያ ነው። ሴቶቹ በመጋረጃው ወዲህ፣ ወንዶቹ በወዲያ ይቀመጣሉ። ጊዜው ረመዳን ሊገባ ሲል ነበር፤ በዚያ ዓመት ባድመ ላይ ጦርነት ተነስቶ ስለነበር ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረም።

«እሱ ቢኖር ማን ይደፍረን ነበር?» አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጎርናና ድምፅ። «ፕሬዚዳንት ማለት እሱ ነበር!»

ዘቢባ ሻዩን ሳትጠጣው መሬት አስቀመጠችው። ይህ ድምፅ ወሎ ውስጥ፣ ሐርቡ አጠገብ፣ የመንደራቸውን ሰው ለስብሰባ ሲጠራ እየሰማች ያደገችው ድምፅ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከድር። የዘማች ኮታ በመጣ ጊዜ ሚሊሻ አስከትሎ መጥቶ ወንድሟን ሀይደርን ከቤት አውጥቶ የወሰደው እሱ ነው። ተራው የሀይደር አልነበረም፤ የራሱ የከድር ልጅ የአዲል ነበር። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ሀይደር በዚያው ቀረ። ሞተ ያላቸውም፣ አለ ያላቸውም የለም። እናቷ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም፤ ምኑን አውቃ ትቀመጥ?

«ታዲያ የሰሜኑን ጦርነት አሸነፈ?» አለው ተክሌ የሚባለው፣ ፔትሮሚን ጋራዥ የሚሠራው። «ሠራዊቱን በትኖ ሸሸ እንጂ!»

«ጄኔራሎቹ ናቸው የከዱት።»

«ግብሩስ? አባቴ ለእናት ሀገር መዋጮ ብሎ በሬውን ሸጧል» አለች ረሂማ ከወዲህ።

«ሀገር በነፃ ይጠበቃል እንዴ?»

«የውጭ ፖለቲካውስ?» አለ ተክሌ። «በሞስኮ ብቻ ተማምኖ፣ ሞስኮ ፊቷን ስታዞርበት ባዶ እጁን ቀረ።»

ከድር ሳቀ። «እሱ እያለ የኢትዮጵያ ሴት ልጅ የዐረብ ሽንት ቤት ታጥብ ነበር?»

ዘቢባ ደሟ ፈላ።

«ጋሼ» አለች፣ «እርስዎ ለዚያ ጦርነት ልጅ ሰጥተዋል?»

«እንዴታ፣ እህቴ! ከእኔ ቀበሌ ስንት ጀግና ዘምቷል።»

«ከቤትዎ ነው ያልኩት።»

«የእኔ ልጅ እግሩን ያመው ነበር።»

ሰዉ ሲበተን ዘቢባ ስለ ሰውየው ረሂማን ጠየቀቻት። ከድር በሐጅ ቪዛ መጥቶ የቀረ፣ ካራንቲና ሰፈር የሚኖር፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የሕንፃ ጠባቂ ነው። ልጁ አዲል ግን ኢቃማ አለው፤ መንጃ ፈቃድም አውጥቷል። ችግሩ ካፊሉ አልፈልግህም ብሎታል፤ ወደ ሌላ ካፊል ካልተዛወረ ሀገሩ ሊሸኘው ነው። «አባትየው ያልለመነው ሰው የለም» አለች ረሂማ።

የዘቢባ ማዳም ደግሞ ለልጆቿ ሾፌር እያፈላለገች ነበር።

«ረመዳን መጨረሻ ላይ ከማዳም ጋር መካ እገባለሁ» አለች ዘቢባ። «እዚያ ይምጣና ያነጋግረኝ በይው። ስሜን ግን አትንገሪው።»

ከድር የመካ መንገድ የኢቃማ ፍተሻን ፈርቶ አልቀረም። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ካዕባ ባለበት መስጊድ፣ ሐረሙ ግቢ ውስጥ፣ ኢፍጣር ለመጠበቅ ሰው ሰፍሮ በተቀመጠበት ተገናኙ። አርጅቷል። ያኔ ሚሊሻ ያስከትል የነበረው ሰው ትከሻው ጎብጧል።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ። ልጄን ካፊል ካገኘሽለት እስክሞት ዱዓ አደርግልሻለሁ።»

ዘቢባ ፊቷን ገለጠች። «የሀይደር እህት ነኝ።»

ቁጢጥ ብሎ የነበረው ሰውዬ እብነ በረዱ ላይ ዘጭ አለ።

«ያ ረቢ… እኔ እኮ ታዝዤ ነው። ኮታ መጣ፤ ከላይ ነው የመጣው፤ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው።»

«ፕሬዚዳንቱ ሀይደርን ያውቀዋል? አዲልንስ ያውቀዋል? አንዱን በአንዱ የለወጥከው አንተ ነህ። የፕሬዚዳንቱን ፍርድ ከተክሌ ጋር ጨርሱት። ያንተን የምፈርደው እኔ ነኝ።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ካዕባ ፊት ነው ያለነው።»

«ካዕባ ፊት ስለሆንን ነው እንቢ የምልህ። እዚህ ቆሜ በውሸት አውፍ አልልም።»

ሰውየው አለቀሰ። ዘቢባ እንባውን እያየች ምንም አልተሰማትም፤ ወይም የተሰማት ነገር ጥጋብ ነበር። ይህን ፊት ዐረብ ቤት ምንጣፍ ስታራግፍ፣ ድስት ስትፈገፍግ በሐሳቧ ስንት ጊዜ አስለቅሳዋለች።

«ለፖሊስ እጅህን ስጥና ሀገርህ ግባ» አለችው። «ጁምዓ ቀን ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ እናቴ ባለችበት፣ ማንን በማን እንደለወጥክ ጮኸህ ተናገር። ድምፅ አላህ ሰጥቶሃል። እናቴ ሰማሁ ካለችኝ ለአዲል ማዳሜ ዘንድ አፌን እከፍታለሁ።»

«ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። እዚያ ደግሞ ምንም የለኝም፤ የመንደሩ ሰዎችም ይገድሉኛል።»

«ይገድሉህ ይሆናል።»

ፊቷን ሸፍና ተነሳች። ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ «እሺ» ሲል ሰማችው።

ዒድ ካለፈ በኋላ ከድር እጁን ሰጠ። ከተባረሩት ጋር ተጭኖ ሀገር ገባ። ዘቢባ ሐርቡ ቴሌ እናቷን አስጠርታ በስልክ ስታገኛት የእናቷ ድምፅ ተዘግቶ ነበር።

«መጣ» አለች እናቷ። «ሰው ፊት ቆሞ ሁሉን ተናገረ።»

«ምን አደረጉት?»

«ማንም አልነካው። ሰላምታውን የሚመልስለት ግን የለም። ሚስቱ ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ።»

«ደስ አለሽ፣ እማ?»

«እኔማ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ተራው ሳይደርስ እንደሄደ ሰው ሁሉ በአደባባይ አምኖ አለቀሰለት። ሰደቃም አወጣንለት። ሀይደሬ እንግዲህ የሞተ ሰው ሆነ» አለች።

ዘቢባ ቃሏን ጠበቀች። ማዳምን ለመነች፤ ኢቃማው ተዛወረ፤ አዲል ሾፌር ሆኖ ገባ። የሀይደር እህት መሆኗን እንጂ ሌላ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። «እህቴ ዘቢባ» ይላታል፤ ከገበያ ሲመለስ ብርቱካን መርጦ ያቀብላታል። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ማጅራቱን ታያለች። ወፍሯል። ሀይደርም ቢኖር ይሄኔ በወፈረ ነበር፣ ትላለች በልቧ።

አንድ ጠዋት ልጆቹን አውርደው ሲመለሱ፣ «አባቴን ምን እንደነካው አላውቅም» አላት። «ሳያማክረኝ እጁን ሰጠ። አሁን ስደውልለት ያለቅሳል እንጂ አይናገርም።»

ዝም ልትል ትችል ነበር። አላለችም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው።

አዲል መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ዘቢባ አባቱን እስኪከላከል፣ «ትእዛዝ ነው» እስኪል ጠበቀች፤ የምትመልስለትን ካዘጋጀች ቆይታለች።

«ወላሂ አላወቅኩም» አለ። «አባቴ ያኔ ዘመድ ቤት ልኮኝ ነበር፤ ስመለስ ወዶ ዘመተ ነው ያለኝ። ከሀይደር ጋር እኮ… ቦርከና ወንዝ ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው።» ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ዘቢባ ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፋባት። ይህን ዋና የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፤ ሀይደር ለቤት አልነገረም። ልትጠይቀው ፈለገች፤ ውሃው ሙሉ ነበር? ምን እያለ ነበር የሚያስተምርህ?

«አሁን አወቅክ» ብቻ አለችው። «ንዳ፣ ማዳም ትጠብቃለች።»

ነዳ። ከዚያ ቀን በኋላ ብርቱካን አላቀበላትም። በማግስቱ መኪና ስትገባ ወደ ኋላ የሚያሳየውን መስታወት ፊቷ እንዳይታየው ወደ ጎን አዙሮት አገኘችው። እሷም እንዲመልሰው አልጠየቀችውም።