አገዳ የተሰካበት ኩበት

ሃቦኔ ኩበቱ ላይ የተሰካውን የባቄላ አገዳ ነቅላ ወረወረችና የደረቀውን ኩበት ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው። የማሳው ባለቤት ዶርቃስ ከዳር ሆና አየቻት።

"አገዳውን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ አላየሽም?"

"አይቻለሁ። ላሟ ግን የእኔ ናት።"

"ማሳውስ የማነው?"

ሃቦኔ ወደሚቀጥለው ኩበት አለፈች። በዚያ ቀበሌ እበት ላይ አገዳ ከተሰካበት ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ከደረቀም በኋላ ከሰካው ሰው በቀር ማንም አይነካውም። ሃቦኔ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ዓይን አውጣነት እንጂ አለማወቅ አልነበረም። ስንዴው ከታጨደ ወዲህ ላሞቿ የዶርቃስን ማሳ ያለ ከልካይ ሲግጡ ከርመዋል።

ዶርቃስ ከብት የላትም። ልጇ ለንሳ ከወለደች ገና አራት ቀኗ ነው። ጠዋት ለአራሷ ገንፎ ልታገነፋላት ውሃ ብትጥድ፣ ውሃው ሳይፈላ ማገዶው አለቀ። ባህር ዛፉ ድሮ ተሸጧል። ማሳዋ መካከል የመብራት ምሰሶ ቆሟል፤ ሽቦው ከራሷ በላይ አልፎ ጊንጪ ከተማ ይገባል። ሲተክሉት ለእናንተም በቅርቡ ይገባላችኋል ብለዋት ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። እስካሁን የፈየደላት ነገር ቢኖር በሬ ጠምዶ የሚያርስላትን ሰው መንገድ እየዘጋ ማማረር ብቻ ነው።

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ለመነቻት፤ አራስ እንዳለች፣ የዛሬን ብቻ እንድትተውላት ነገረቻት። ሃቦኔ ግን መውለድ በእሷ ልጅ እንዳልተጀመረ እያጉተመተመች ሌላ አገዳ ነቀለች።

ዶርቃስ ብው አለች። ገመዷን እየጎተተች የምትግጠውን የሃቦኔን ጥቁር ላም ይዛ ወሰደቻትና ከምሰሶው ጋር አሰረቻት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኩበቴን መልሺ፣ ላምሽን ውሰጂ።"

"ጥጃዋ ሳይጠባ ሊውል ነው?"

"የእኔም አራስ ሳትበላ ውላለች።"

ሃቦኔ የቅርጫቱን ግማሽ መሬት ላይ ዘረገፈችው። የቀረውን በሁለት እጇ ያዘች። ድምፅዋም ዝቅ አለ።

"ባሌ የግቢውን ኩበት ሙልጭ አድርጎ ጊንጪ ወስዶ ሸጦታል። እኔም ቤት ዛሬ እሳት አልነደደም።"

እውነቷን ነበር። ዶርቃስ ከጠዋት ጀምሮ ከሃቦኔ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ አላየችም። ቢሆንም የቀረው ግማሽ እስኪመለስላት ላሟን አትለቅም፤ ገመዱን ምሰሶው ላይ አንድ ዙር ጨመረችና አጥብቃ ቋጠረችው።