ለነጅላ የተሻሻለችው መኪና

ነጅላ የቡ ከተማ ላይ ቤት መከራየት እንደምትፈልግ ለባሏ ለፋሂም የነገረችው የሻይ ብርጭቆዎቹን እያለቀለቀች፣ ፊቷን ሳታዞር ነበር።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ማደር ነው ሐሳቤ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ» አለችው።

ፋሂም ይሰፋው የነበረውን የሱሪ እግር ከጭኑ ላይ አነሣ። አንዲት ልጃቸው ፊርዶስ አጋሮ ከተዳረች ወዲህ በጅማው ቤት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ነጅላም ከሄደች፣ ማታ ማታ በዚያ ቤት ድምፅ የሚያሰማ ነገር ቢኖር የልብስ ስፌት መኪናው ብቻ ይሆናል።

«ለምን?» አላት በመጨረሻ።

«ደከመኝ።»

ነጅላ ከየቡ አለፍ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ጠዋት በአሮጌዋ ቪትዝ መኪናዋ ከጅማ ተነሥታ የአጋሮን አስፋልት ትይዛለች፤ ከዚያም ወደ ቀዩ አፈር መንገድ ትገነጠላለች። ከሰዓት በኋላ በዚያው ትመለሳለች። ቅዳሜን ቤንዚን ለመቅዳት ሰልፍ ላይ ታሳልፈዋለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል።

ፋሂም «ደከመኝ» የሚለውን ቃል የሰማው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ለለባሹ ካልተመቸ ስፌቱ ይፈታል፣ ይጠባል፣ ወይም ይሰፋል፤ ባለቤቱ ልብሱን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ በዚያው ሌሊት መኪናዋን ሊያስተካክላት ቆረጠ።

«እስከ ኅዳር መጨረሻ ታገሺኝ» አላት በማግሥቱ። «መኪናዋን አሻሽላታለሁ። ያኔም ከደከመሽ ቤቱን ትከራያለሽ።»

ነጅላ ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። «እሺ» አለች።

የጀመረው ከሚያውቀው ነገር ነበር። የሾፌሩን መቀመጫ ልክ እንደ ሰው ወገብ ለካ፤ ጥጥ ጠቅጥቆ ለጀርባዋ መደገፊያ፣ ለጭኗ ፍራሽ ሰፋላት። ሥራው ስላማረው የተሳፋሪዎቹን መቀመጫም በዚያው ጨርቅ አለበሰው። ጥሩ ሥራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነጅላ ወገቧን ሳትይዝ ከመኪናዋ ወረደች፤ ፋሂምም ይህን በመስኮት አይቶ ደስ አለው።

ከመኪናዋ ብቻዋን አለመውረዷን ግን እንደ ነገር አልቆጠረውም። ከሠፈሩ ወደ የቡ የሚሄድ ሰው ነጅላ እያለች ለሚኒባስ አይከፍልም፤ ይህ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የጉርብትና ደንብ ነው። ሽማግሌው ጎረቤታቸው አባ ሀቢቡላህ ከየቡ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቡና ማሳ ስላላቸው በለቀማ ወራት ከእርሷ ጋር ይሄዳሉ። ቸርቻሪዋ መድና ሳሙናና ስኳር ይዛ ገጠር ገበያ ትወርዳለች፤ ስትመለስም ሙዝ ታመጣለች። ሦስተኛው ቦታ በየቀኑ የሚይዘው አያጣም፤ አንድ ቀን ለቀስተኛ፣ አንድ ቀን አራስ ጠያቂ ይቀመጥበታል።

«ነጁዬ፣ ይሄማ የሙሽራ መኪና ሆነ!» አለች መድና አዲሱን መቀመጫ እየዳበሰች። «ነገ አክስቴን ላምጣት። ሚኒባስ ያማታል፤ እዚህ ላይ ግን ተኝታ ትሄዳለች።»

አክስቷም መጡ። ከዚያ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም።

ሁለተኛው ማሻሻያ ከፍታዋ ነበር። መኪናዋ ዝቅ ያለች በመሆኗ በቀዩ መንገድ ላይ ሆዷ ድንጋይ ይልሳል። ፋሂም ዘላለም ወደሚባለው መካኒክ ወሰዳት።

ዘላለም ዙሪያዋን ዞሮ አያት። «አንተ ፋሂም፣ ይህችን ዶሮ ሰጎን ልታደርጋት ነው?»

«አትቀልድ። ሚስቴን ወገቧን እየፈጃት ነው።»

«አልቀልድም፤ ስማኝ። ሰው ሁሉ ሲጀምር ከመብራትና ከቴፕ ይጀምራል። አንተ ግን መጀመሪያ ፍሬኗን እናያለን፤ ያለቀውን ጎማ እንቀይራለን። ከዚያ ጠንከር ያለ ሞላ አስገብተን ሁለት ጣት ያህል እናነሣታለን። ከዚያ በላይ ካልክ ጠመዝማዛው ላይ እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች። ከሞተሩ ሥርም መከላከያ ብረት እበይድላታለሁ።»

«መብራቱስ?»

«አቦ፣ ያው አልቀረልህም! እሺ፣ እሱንም እንለውጠዋለን።»

ሁሉም እንደተባለው ተሠራ። ፋሂም ለአንድ የሠርግ ቤት የሰፋበትን ዋጋ በሙሉ እዚያው አፈሰሰው። በሰኞው ጠዋት አባ ሀቢቡላህ በሩ ላይ ቆመው በከዘራቸው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉ።

«ማሻአላህ! ቁመት ጨምራለች። እንግዲህ እስከ ማሳዬ በር ድረስ ትወጣለች ማለት ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ከኮረብታው ግርጌ ወርደው በእግራቸው ነበር የሚወጡት። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ነጅላ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸች መውጣት፣ እላይ አዙራ በፍሬን መውረድ፣ ከዚያም ክፍል እንዳያመልጣት መሮጥ ሆነ ሥራዋ።

መብራቱም የራሱን ሸክም አመጣ። ድሮ መብራቷ ደካማ ስለነበር ነጅላ ሳይመሽ ትነሣለች፤ የዘገየም ይቀራል፤ ማንም አይቀየምም ነበር። አሁን ግን መድና ገበያው እስኪበተን መቆየት ጀመረች። «ምን ያስቸኩልሻል፣ ነጁ? መብራትሽ እንደሁ ሌሊቱን ቀን አድርጎታል» ትላለች፤ ነጅላም መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ትጠብቃለች።

ፋሂም ይህን ሁሉ በቁርጥራጭ ይሰማው ነበር። እያንዳንዱን ሲሰማም የሚያስበው ቀጥሎ መለወጥ ስላለበት ዕቃ ነበር። የመሪውን ሽፋን በለስላሳ ቆዳ ሰፋው፤ አቧራ እንዳይገባ የበሮቹን ጎማ ቀየረ። ነጅላ ለእያንዳንዱ «እጅህን አይንሣኝ» ትለዋለች፤ ከዚያም ቁጭ ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ታንቀላፋለች።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አባ ሀቢቡላህ፣ መድናና አክስቷ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ አሸክመው መጡ። አባ ሀቢቡላህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ነጅላ፣ አንቺ ለእኛ የምትደክሚውን አላህ ያየዋል። ባልሽም መኪናዋን ለኛ ብሎ እንዴት እንዳሳመራት አይተናል። እኛስ ዝም ብለን እንጫናለን እንዴ ተባባልን። አዋጥተን ይህችን ከአጋሮ አስመጣንልሽ።»

ጆንያው ሲፈታ ከጣሪያ በላይ ዕቃ የሚጫንበት የብረት ፖርቶመጋላ ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

«ከእንግዲህ ጆንያ እግራችን ሥር አይገባም» አለች መድና እያጨበጨበች። «በዚህ ላይ ገበያውን በሙሉ መጫን ነው!»

ነጅላ ሳቀች። ስጦታውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ሻይ አቀረበች፤ እስከ በር ሸኘቻቸው። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ፋሂም ሲገባ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ አገኛት። ታለቅስ ነበር፤ ይሁንና ገና መሳቋንም አልጨረሰችም።

«እምቢ በያቸው» አላት።

«ማንን? መድናን? እናቴ የሞተች ለት ከእኔ ቀድማ ለለቅሶው የተነሣችውን? ወይስ የኒካሓችንን ምስክር፣ አባ ሀቢቡላህን?»

«እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንተ?»

«አዎ፣ እኔ። ነገ ጠዋት።»

ነጅላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ አየችው። «ከቻልክ» አለች፤ «ወላሂ ቤት የሚባል ነገር ሁለተኛ አላነሣም።»

በማግሥቱ ፋሂም ከሁሉም ቀድሞ በሩ ላይ ቆመ። የሚለውን ሌሊቱን ሲያሰላስለው አድሮ ነበር። አባ ሀቢቡላህ ለቡና ማስጫ የሚሆን ጥቅል ሽቦ በትከሻቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። አባ… ዛሬ ነጅላ ትንሽ ደክሟታል።»

«ኤሬ፣ አላህ ዓፊያ ያድርጋት! አይዞህ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ቁርኣን እቀራላታለሁ፤ ድካሙ ይለቃታል።»

«እሱማ ጥሩ ነበር፤ ግን ማለቴ…»

አዛውንቱ ግን አልጠበቁትም። ጥቅሉን ወደ አዲሱ ብረት ለማንሣት ሞከሩ። ሽቦው ወደ ደረታቸው ተንሸራተተ። ፋሂም ቆሞ ማየት አልሆነለትም። ጥቅሉን ከእጃቸው ወስዶ ጣሪያው ላይ አወጣው፤ ገመድ አምጥቶም በማይፈታ ቋጠሮ አሰረው።

«ፋሂሜ፣ ገመዱ ተርፏል» አለች በዚያው የደረሰችው መድና፤ «የኔንም አብረህ እሰርልኝ፣ ማሎ፣ እባክህ።»

የእርሷንም አሰረ። ሲወርድ ነጅላ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ በጎን መስታወት ታየው ነበር። አላፌዘችበትም። ሞተሯን አስነሥታ ሄደች።

ፋሂም ያን ቀን አንድም ልብስ አልሰፋም። ማታ ስትገባ ውኃ አቀረበላትና «ቤቱን ተከራዪ» አላት። «መኪናዋን ግን እዚህ ተዪያት። ይዘሻት ከሄድሽ ሁላችንም ተከትለንሽ እንመጣለን።»

«አንተስ?» አለችው።

«እለምደዋለሁ» አለ። እንደማይለምደው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ነጅላ እሑድ ፍራሿን ሚኒባስ ላይ አስጭና ሄደች። ሰኞ ጠዋት ፋሂም ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ አባ ሀቢቡላህ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመው አገኛቸው፤ መድናም ከስኳር ጆንያዋ ጋር ነበረች።

«ነጅላ የለችም» አላቸው።

«ሰምተናል» አሉ አዛውንቱ። «መኪናዋ ግን አለች አይደል? አንተም አለህ። ተነሥ እንጂ ልጄ፤ ፀሐይ ወጣች።»

ፋሂም ሱቁን መልሶ ቆለፈ።

ዓመታት ሙሉ የሚስቱን መንገድ የሚያውቀው በወሬ ነበር። አሁን በገዛ ክንዱ አወቀው። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና እየገፋው አለፈ፤ ቀዩ መንገድ ላይ አቧራው በቀየረው የበር ጎማም ሾልኮ ገባ። መድና ሁለት ጊዜ አስቁማው ዕቃ አወረደች። ዳገቱ ላይ ሞተሩ አቃሰተ። በአዲሱ ሞላ ላይ ጭነቱ ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ፣ ከኋላ አባ ሀቢቡላህ በለሆሳስ ቁርኣን ይቀራሉ። መቀመጫው የተመቸ ነበር። ምቾቱ ግን ድካሙን አላስቀረለትም።

ሁሉንም አውርዶ ነጅላ የተከራየችው ቤት ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። አንድ ክፍል ናት፤ በሯ ወደ ቡና ተክል ይከፈታል። ነጅላ ፊቷ ተለውጦ ነበር፤ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት ነበር። ምሳ አቀረበችለት። እየበላ ስለ መኪናዋ ያወራት ጀመር።

«የኋላው ሞላ ገና ይቀረዋል። ዘላለምን አነጋግሬው… ደግሞ የአቧራው ነገር…»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ፍራሹ ላይ ጋደም አለ። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

ነጅላ ጫማውን አወለቀችለት። የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ደርሶባት ስለነበር በሩን ቀስ ብላ ገጥማ ወጣች። ከመኪናዋ አጠገብ አንዲት የመንደሩ ሴት ሁለት ዘለላ ሙዝ መሬት ላይ አስቀምጣ ቆማለች።

«መምህርት፣ መኪናዋ ወደ ጅማ ትመለሳለች አሉኝ። ይቺን ለእኅቴ ታደርስልኝ ነበር፣ ማሎ።»

ነጅላ ሙዙን አየች። የተዘጋውን በር አየች።

«ዛሬ አይሆንም» አለች። «ሾፌሩ ተኝቷል።»

«ልቀስቅሰው?»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ፣ እኅቴ።»

ሴትዮዋ አልተቀየመችም። «እሺ፣ እንግዲያው ሚኒባስ ልጠብቅ» ብላ ዘለላዎቹን አነሣች።

ነጅላ ሴትዮዋ ከዓይኗ እስክትርቅ ድረስ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያም ጠመኔዋን ይዛ ወደ መማሪያ ክፍሏ በእግሯ ሄደች።