ከምስር ያነሰው ክሪስታል

ባልና ሚስቱ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። ሁለቱም በአንድ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ናቸው። ባል ሚስቱ እየሰማች ለአማቱ በስልክ ሥራቸውን ሲያስረዳ፣ «እሷ ሙጫ ትቀባለች፣ እኔ እለካለሁ» ብሎ አረፈው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የሚለኩት ከምስር ያነሰ፣ የብረታ ብረት ኦክሳይድ ክሪስታል ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት ያልፍበታል። ብርሃን ሲያበሩበት ኤሌክትሮኖች ይወጡበታል፤ ከጉልበታቸውና ከአቅጣጫቸው፣ ክሪስታሉ ውስጥ ሳሉ ምን ሲሠሩ እንደነበር ይታወቃል። ግን ገጹ ንጹሕ መሆን አለበት። ስለዚህ ክሪስታሉን ከመዳብ ሳህን ላይ ያጣብቁና አናቱ ላይ ትንሽ እንጨት ይለጥፋሉ፤ አየር በሌለበት ትንሽ የብረት ክፍል ውስጥ እንጨቷን ሲመቷት የላይኛው ንጣፍ ተልጦ ይነሳል።

አንድ ቀን ሚስት ሙጫውን አልነካም አለች፤ ባል ራሱ ቀብቶ ክሪስታሉን ከነሳህኑ ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ ከተተ።

«ጋሼ» አለች ቴክኒሻኑን፣ «ሙጫው በደንብ ሳይደርቅ እንዳያወጣው ለሰውዬው ይንገሩልኝ።»

«አጠገብሽ ነው እኮ ያለው» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ሰምቻለሁ በሉልኝ» አለ ባል። ቸኩሎ ግን ሳይደርቅ አወጣው።

ክሪስታሉ የብረት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቀዘቀዘ፤ ባል እንጨቷን መታ፤ ብርሃኑን ለቀቀ። ክሪስታሉ እንዲህ ሲቀዘቅዝ በኤሌክትሮኖቹ ጉልበት መካከል ሊታይ የሚገባው ክፍተት፣ እንደ ተራ ብረት ሁሉ፣ ስክሪኑ ላይ የለም። ባል ሰው አይቶት የማያውቅ ነገር አገኘሁ ብሎ ለኃላፊያቸው ደወለ።

ሚስት በብረት ክፍሉ ትንሿ የመስታወት መስኮት አጎንብሳ አየች። ሳህኑ ራቁቱን ነው። ክሪስታሉ ከነእንጨቱ ተነቅሎ ታች ወድቋል።

«የለካኸው ሳህኑን ነው» አለችው። ከኩርፊያው ወዲህ ለእሱ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«መዳቡን?»

«መዳቡን። መዳብ መሆኑን አረጋግጠሃል።»

ጋሼ ሳል ያዘኝ ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ባል አንገቱን ደፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷም ሳቋ አመለጣት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «አስተምሪኝ።»

ሌላ ክሪስታል አወጡ። እሷ ቀባች፣ እሱ መብራት ያዘ፤ እስኪደርቅም አፋቸው ሥራ አልፈታም፣ የሰነበተውን ወሬ ሁሉ አወሩት። በዚህኛው ክፍተቱ እንደሚገባው ቁልጭ ብሎ ታየ።

ባል ስሕተቱን አምኖ፣ አሁን ተሳካ ብሎ ዳግም ደወለ፤ ኃላፊው ግን በስልክ አላመኑም። ራሳቸው መጡ፤ ስክሪኑን ዞር ብለው ሳያዩ በመስኮቷ አጎንብሰው ክሪስታሉ ቦታው ላይ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና «በሉ አሁን አሳዩኝ» አሉ።