የማይጠወልግ ሣር

የአዳራሹ መብራት ሲደበዝዝ ካርታው ግድግዳውን ሞላው፤ ቢጫው ናይትሮጅን የራበው ቅጠል፣ አረንጓዴው የጠገበው። መሃል ላይ ግን አንድ አራት ማዕዘን ከሁሉም በላይ ጠግቦ፣ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስል ያብረቀርቃል።

ከኋላ የተቀመጠችው ተመራማሪ አራት ማዕዘኑን ስታይ ሳሏን ዋጠች። ሳሉ የቅጠል ዱቄት ያተረፈላት ነው። ሦስት ክረምት ቅጠል ስትለቅም፣ ስታደርቅ፣ ስትፈጭ፣ ናይትሮጅኑን ስትለካ ኖራለች። ከዚያ ልኬቱን፣ በመቶ የሚቆጠር የብርሃን ቀለም ለይቶ የሚያይ ካሜራ ከሰማይ ካነሳው ምስል ጋር አዛምዳ፣ ቅጠል ሳይነኩ በሆዱ ያለውን የሚገምት ሞዴል ሠራች። አለቃዋ ደግሞ የጥናቱን መጽሐፍ ሽፋን ሠራ፤ ስሙን ጻፈበት። ብቻውን። እሷን በመጨረሻው ገጽ፣ ከሾፌሩና ከጥበቃው ቀጥሎ፣ «ቅጠል በመልቀም የረዳችን» ብሎ አመሰገናት። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ሰው እሷን «ቅጠሏ»፣ እሱን «ዶክተር እኔ» ይላል።

ካሜራውን በድሮን የሚያበርረው ባልደረባዋ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«አንቺ፣ ያ የኳስ ሜዳው አይደል እንዴ? ፕላስቲኩ ሣር?»

«ነው።»

«መሸፈን ረስተሽ ነው?»

«አልረሳሁም።»

ጣራ፣ አስፋልት፣ ቅጠል ያልሆነ ሁሉ ከስሌቱ በፊት ከምስሉ ላይ ይሸፈናል። ካልተሸፈነ ሞዴሉ ድንጋይም ቢሰጡት ናይትሮጅን ይቆጥርለታል፤ «አላውቅም» ማለት አልፈጠረበትም። በዚህ ጠባዩ የአለቃዋ የሥጋ ዘመድ ነው። ትናንት እሷ የሜዳውን ሽፋን አነሣች። አለቃዋ አንድ ቀን እንኳ መስክ ወርዶ ጫማው ጭቃ ነክቶ ቢያውቅ ኖሮ ገና ሲያየው ይለየው ነበር።

«ወይ አንቺ! ሳል ይዞ ስርቆት አሉ» አለ አብራሪው፣ እየሳቀም እየፈራም።

«ቂሙንስ የት ጣልከው?»

መድረኩ ላይ አለቃዋ በጨረር ብዕሩ አራት ማዕዘኑን ከበበው። «እዚህ ያለው ተክል ተአምር ነው! ድርቁ እንኳ አልነካውም!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ በሆዷ እልል አለች።

ከፊት የተቀመጡት አዛውንት፣ የጥናቱ ዋና ገምጋሚ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይኼ ተአምረኛ ተክል ስሙ ማን ነው?»

አለቃዋ ወደ ካርታው ዞረ። ማዕዘኖቹ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ያሉ መሆናቸውን ገና አሁን ያየ ይመስል የጨረር ብዕሩን አጠፋ። ወደ አዳራሹ ሲዞር ዓይኑ ወንበሩን ሁሉ አሰሰ፤ አገኛትና ፈገግ አለ።

«እሱን እንኳ የሥራው ባለቤት ብትመልሰው ይሻላል» አለ፤ ድምፁ ማር ነው። «እውነቱን ልናገርና፣ ይህ ካርታ ከሀ እስከ ፐ የእሷ ሥራ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ተነሺ እስቲ፣ እህቴ፣ አትፈሪ።»

ሦስት ክረምት ስትመኘው የኖረችው ቃል ይህ ነበር። አዳራሹ ዞሮ አያት። ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ። አብራሪው ወንበሩን ቀስ አድርጎ ከእሷ አራቀ።

ተነሣች። አዛውንቱ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አፏን ስትከፍት፣ ቀድሞ የመጣው ሳሉ ነበር።