ሰባተኛው ምክር

ወደማያውቀው አገር የሚመጣ እንግዳ ምክር ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ለሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ የመጣለት የዛሬ አራት ዓመት ነው። እኔ ያኔ በቋንቋ ዲግሪ ተመርቄ እንግዳ መቀበያው ላይ ቁልፍ የማቀብል ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ወደ ቢሮው ጠራኝ። እሱ በኛ ቋንቋ እየተናገረ እኔ በእንግዶቹ ቋንቋ ጻፍኩ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጎበኙን» የሚል ርዕስ ሰጠነውና ከሥሩ አሥር ምክር ደረደርን። የቧንቧ ውሃ አይጠጡ፤ ይህን ሲያስጽፈኝ ራሱ የቧንቧ ውሃ እየጠጣ ነበር። ታክሲ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ዋጋ ይነጋገሩ። የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ቢስቅልዎ አይደንግጡ። ከጠፉ ወደ ሆቴሉ ይመለሱ። የጠፋ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ለመጻፍ ግን ቦታ አልበቃንም።

ምክሩ በወፍራም ወረቀት አምስት ካርቶን ሙሉ ታተመ። አዲስ እንግዳ በገባ ቁጥር አንድ አንዱን ትራሱ ላይ የሚያስቀምጡት የክፍል ጽዳት ሴቶቹ ናቸው። አለቃቸው እትዬ አንሶላ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው በሥራቸው ያሉት አምስት ሴቶች ናቸው። እትዬ አንሶላው ላይ አንዲት እጥፋት ካዩ «ይሄ አልጋ ነው ወይስ ካርታ?» ብለው ገፈው እንደገና ያስነጥፋሉ።

አንድ ጠዋት ከነጓንታቸው መጥተው ወረቀቱን ፊቴ ዘረጉት።

«አንተ የተማርከው፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ለእንግዳ የሚሰጥ ምክር ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ አራት ዓመት በገዛ እጄ ሳስቀምጠው አጣሁት? አሥራ አራት ቁጥር ያሉት አሮጊት ዛሬ መጥረጊያዬን ይዤ ስገባ ቦርሳቸውን ላፍ አድርገው መታጠቢያ ቤት ገቡ። ኋላ ወጥተው አፈሩ መሰለኝ፣ ይሄን አምጥተው ጣታቸውን እዚህ ላይ አድርገው ትከሻቸውን ሰበቁልኝ። አንብብ፤ ከላይ ጀምር።»

ከላይ ጀመርኩ። ውሃው፣ ታክሲው፣ ፎቶው እያልኩ ስድስት ደረስኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ስምንት» አልኩ።

«ቆይ! ከስድስት ቀጥሎ ስምንት መምጣት የጀመረው መቼ ነው? ፊደላቸውን ባላውቅ ቁጥራቸው ይጠፋኛል? በየበሩ ላይ የተለጠፈውን ስወለውል አይደል የምውለው?»

አማራጭ አልነበረኝም። «ሰባት» ብዬ አነበብኩ። «ገንዘብዎንና ውድ ዕቃዎን የጽዳት ሠራተኞች በሚያዩት ቦታ አይተዉ።»

እትዬ ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ።

«ማነው የጻፈው?»

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያሉት…»

«ማነው ያለው መች አልኩህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰዋስዉስ ደህና ነው?»

«ስህተት የለውም» አልኩ። አፌን ምነው በቆረጠው።

«ጎሽ። ስድብም በወግ ሲሆን ደስ ይላል። ና፣ ተከተለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ልጃቸው ቢሆንም እሱ «አንቺ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «እርስዎ» ይሉታል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡለት ቀና እንኳ አላለም።

«ዓለም አቀፍ አሠራር ነው» አለ። «ደግሞ ያንቺ ስም አልተጠራም።»

«ስም ተጠርቶ ቢሆን አንድ ሰው ብቻ ይሰደብ ነበር። አሁን የተሰደብነው ስድስት ነን። እስቲ ይንገሩኝ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከየትኛው ክፍል ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋም።»

«እና?»

«እናማ ምክሩ እየሠራ ነው ማለት ነዋ!»

«እኔ እዚህ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወረቀቱ ሳይታተም በፊትስ ምን ጠፍቶ ነበር?»

«ወደ ሥራሽ ሂጂ። ላልተመቸው ሰው በሩ ክፍት ነው።»

«ይሰረዝልን ነው የምለው።»

«አይሰረዝም።»

«እንግዲያው ሥራ ላይ እናውለዋለን» አሉ እትዬ። «ምክር ነው ብለውኛል፤ ምክር ደግሞ ይሰማል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሥራ አስኪያጁም እኔም የገባን በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳ ሁለቱም ክፍሎች ሞልተው ነበር፤ እንግዶቹን ለጉብኝት የሚወስደው አውቶቡስ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሴቶቹ በየበሩ ቆመው አንኳኩ። የእንግዶቹን ቋንቋ አንዳቸውም አይችሉም፤ አላስፈለጋቸውምም። ወረቀቱን ያሳያሉ፣ ጣታቸውን ሰባት ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ወደ ዕቃው፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ይጠቁማሉ። ውድ የሆነውና ያልሆነው የቱ እንደሆነ የጽዳት ሠራተኛ በምን ታውቃለች? ስለዚህ ሁሉም ይውጣ። ዕቃው ተለቅሞ እስኪወጣ ድረስ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ፤ እንዳያዩ።

አንዱ እንግዳ እሳት የተነሳ መስሎት ጫማውን አቅፎ በካልሲ ደረጃውን ወረደ። ሌላዋ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሻንጣ ትጎትታለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መቀበያው አውቶቡስ ተራ መሰለ። ሁሉም ወረቀቱን እያሳየ እኔን ይጠይቀኛል፤ እኔም ሰባተኛውን ምክር ለጻፍኩላቸው ሰዎች ፊት ለፊት ሳስረዳ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የአሥራ አራት ቁጥሯ አሮጊት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ሳያስር ከተፍ አለ።

«ምንድነው ይሄ? ማን አዘዘሽ?»

«እርስዎ» አሉ እትዬ ከደረጃው ላይ፣ ባልዲያቸውን እንደያዙ። «በእርስዎ ትእዛዝ የታተመ ነው።»

«ተባረሻል! አሁኑኑ!»

ሴቶቹ ተያዩ። መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ አራቱም መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እሺ» አሉ እትዬ። «ምክንያቱ ይጻፍልኝ። ሆቴሉ ያሳተመውን ምክር ስላከበረች ተባረረች ተብሎ ይጻፍልኝ። ይሄው ጸሐፊውም ቆሟል፤ ሰዋስው ላይ አይታማም።»

«ጻፍላት!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አልጽፍም» አልኩ። ከዲግሪዬ ወዲህ የተናገርኩት አጭሩና ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው።

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ባለካልሲው እንግዳ ሥራ አስኪያጁን ክንዱን ይዞ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ሌሎቹም ከበቡት።

«እሺ፣ ይሰረዛል» አለ። «በሚቀጥለው ሕትመት።»

«ዛሬ» አሉ እትዬ።

«የቀረው ሁለት ካርቶን ወረቀት እኮ ነው!»

«ጥቁር ማርከር አለ።»

«እሺ፣ በቃ፣ ሴቶቹን ይዘሽ ሰርዙት።»

«እኛ አልጋ ነው የምናነጥፈው። ያስጻፈውና የጻፈው ይሰርዙት።»

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ እባክዎ፣ ሰው ፊት ነን» አላቸው።

እትዬ አንሶላ ባልዲውን አስቀምጠው ደረጃውን ወረዱ።

«አሁን ገና ቋንቋ ቻልክ» አሉት። «ተቀመጥ።»

ካርቶኖቹ ከመጋዘን መጡ። ሥራ አስኪያጁና እኔ መቀበያው ጀርባ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እንግዶቹ ሻንጣቸውን ተደግፈው እያዩን፣ ሰባትን መሰረዝ ጀመርን። እትዬ የእሱን ሦስተኛ ወረቀት አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና መልሰው ፊቱ አስቀመጡለት።

«ይነበባል» አሉ። «ድገመው።»

ደገመው።