አዋሳኝ ምስክር

በያጁ የመስኮት ፍርግርጉን የመጨረሻ ማዕዘን ሊያያይዝ ኤሌክትሮዱን እንዳስጠጋ የሰው ጥላ ብረቱ ላይ ወደቀበት። "ዞር በልልኝ፣ ብርሃን ጋረድከኝ!" ብሎ ሊያምባርቅ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ሲያደርገው፣ በሩ ላይ የቆመው ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ ሆኖ ተገኘ። 

"እንደምን አደሩ፣ ወንድሜ?" አለ ቀያሹ።

ወንድሜ! ደግሞ አደሩ! ዕድሜ ልኩን "አንተ" ሲለው የኖረ፣ ያውም አንተ ማለቱንም ከተወ ብዙ ክረምት ያለፈው ሰው ነው። ቆሻሻ ሊደፋ ወጥቶ በያጁን ካየ ባልዲውን እንደተሸከመ ወደ ግቢው ይመለስ ነበር። ዛሬ ሱፉን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ የወረቀት ማኅደር ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ የብረት ፍርፋሪ በተነሰነሰበት ወለል ላይ ቆሟል።

"ደህና" አለ በያጁ። እግዜር ይመስገን ብሎ ሊጨምርበት አልፈለገም። ለእሱ ሲል ፈጣሪን ማመስገኑን እንኳን ሰሰተ።

"አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ። እርስዎን የምታስቸግር።"

"በር ነው መስኮት?"

"ብረት አይደለም። የቤት ግብር ነው።"

ቀያሹ ነገሩን ከዘራውን እየተደገፈ አወራው። በገዛ ቤቱ የሚኖር ጡረተኛ ከቤት ግብር ነፃ ነው። እስከ ዓምና ድረስ ነፃነቱ ሳይጠይቁት በራሱ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ ግን ደንቡ ተለውጦ፣ ነፃ መሆን የፈለገ ሁሉ በአካል ቀርቦ ማመልከት አለበት። በቤቱ እንደሚኖርና ከቤቱ ኪራይ እንደማይሰበስብ ደግሞ ግራና ቀኝ የሚያዋስኑት ሁለት ጎረቤቶች ቀርበው ይመስክሩለት። የጊዜ ገደቡ ዛሬ ቢሮው እስኪዘጋ ነው። ከዛሬ ያለፈ ሙሉውን ከነቅጣቱ ይከፍላል፤ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ቤት ግብር ደግሞ በጡረታ ገንዘብ የሚገፋ አይደለም።

"ማስታወቂያው እኮ የእኔ አጥር ላይ ሳይቀር ወር ሙሉ ተለጥፎ ነበር" አለ በያጁ።

"አይቼዋለሁ።" ቀያሹ መሬት መሬት አየ። "ደንብ ለማያውቅ ሰው የወጣ መስሎኝ..."

በያጁ ጉንጩን ከውስጥ ነከሰ። እሱ የራሱን ግብር የከፈለው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። መንግሥትና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁም፤ ሁለቱንም ቀድሞ መጠንቀቅ ነው ባይ ነው።

"በላይ በኩል ባለወፍጮዋ እትዬ ጠዋት ቃላቸውን ሰጥተውልኛል። በዚህ በኩል ያለው አዋሳኝ..." ቀያሹ ጉሮሮውን ጠረገ። "እርስዎ ነዎት።"

አዋሳኝ! በያጁ ከዚህ ቃል ጋር የቆየ ሂሳብ ነበረው። ያኔ ቀያሹ በሥራ ላይ ሳለ አንድ ጠዋት ሜትሩን ይዞ፣ ሰዎች አስከትሎ መጣና የበያጁ ግንብ ወሰን አልፏል አለ። ቢያልፍ ስንዝር ነው። በያጁ ካርታውን አውጥቶ ሊከራከር ሲል ቀያሹ ከእጁ ላይ ነጠቀው። "ይሄ ብረት አጣማሚ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው፣ ካርታ ማን አስነበበው?" ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሕዝቡ ሳቀ። የበያጁ ሚስት ቆማለች፣ ደንበኞቹ ቆመዋል፣ አማቱ ሳይቀሩ ለጥየቃ መጥተው ቆመዋል። ግንቡ ፈረሰ። ስንዝሯ የያዘችው የጣሪያውን ምሰሶ ስለነበር ከግንቡ ጋር ግማሹ ቤት ሄደ። መልሶ ሲሠራው አቅሙ የፈቀደለት ይህችን ጠባብ የሥራ ቤት ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ሙሉ ቱቦላሬ፣ ያ ረጅሙ የብረት ቱቦ፣ አይገባባትም፤ ጫፉ በበሩ ወጥቶ መንገደኛ ይወጋል፣ መንገደኛው ደግሞ በያጁን ይሰድባል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በያጁ መርሳት ቢያምረው እንኳ ብረቱ አያስረሳውም።

"እሺ" አለ።

ቀያሹ ጆሮውን ተጠራጠረ። "እሺ አሉኝ?"

"ልብሴን ለውጬ መጣሁ።"

ጓሮ ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

"ምነው፣ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች?" አለችው። "ይቅር ብለኸው ከሆነ እልል ልበል።"

"እልልታውን አቆዪው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አስበህ ነው?"

"እውነት ልናገር ነው ያሰብኩት። እውነት መናገር ኃጢአት ነው እንዴ?"

"እውነት ስትናገር እንዲህ አትስቅም ነበር" አለችና ሸሚዙን አራግፋ ሰጣችው።

እውነቱ ይህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ቀያሹ ግቢ ገባች። ቀያሹም ለጠየቀው ሁሉ "ተከራይ ናት፣ የጓሮዋን ክፍል አከራየኋት" አለ። ለባለሱቁ አለ፣ ለዳቦ ጋጋሪው አለ። ባለወፍጮዋ ቀኑን ሙሉ በወፍጮው ጩኸት መሃል ስለሆኑ ይህን ወሬ አልሰሙም። በያጁ ግን የልጅቱን በር የሠራው ራሱ ነው። ራሷ መጥታ አዘዘች፣ ራሷ ከፈለች። የት አገር ነው ተከራይ ለአከራይዋ በር የምታሠራው ብሎ የቀያሹን ንፍገት ለሚስቱ ሲያማ አምሽቷል። አሁን ጥርሱን ነክሶ የጠበቀው ቀን በእግሩ መጣ። መዋሸት አያስፈልገውም፣ መክሰስ አያስፈልገውም። ሲጠየቅ መመለስ ብቻ ነው።

በታክሲው ውስጥ ቀያሹ ሂሳቡን ቀድሞ ከፈለ፣ መስኮቱን ልዝጋልዎ ልክፈትልዎ አለ፣ የበያጁን ጤና ጠየቀ፣ የልጆቹን ጤና ጠየቀ። በያጁ ልጆች የሉትም።

ግብር ቢሮው የገበያ ቀን መስሏል። እስከ መጨረሻዋ ቀን ያሳደረ ሁሉ ተሰብስቦ ይተፋፈጋል። አንዷ ውርስ ያልተዘዋወረበትን የአባቷን ቤት በማን ስም ልክፈል ትላለች፣ አንዱ ያላለቀ ቤት እንዴት ይገመትብኛል ብሎ ይጨቃጨቃል። ከሰፈሩም ዳቦ ጋጋሪውና ባለሱቁ ተሰልፈዋል። በያጁን ከቀያሹ ጎን ሲያዩት ባለሱቁ ዳቦ ጋጋሪውን በክርኑ ጎሰመው።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ድምፁን ሳይቀንስ። "እናንተ ታርቃችሁ ነው ወይስ ፖሊስ ይዟችሁ?"

"ምስክር ሆኜ ነው" አለ በያጁ።

"ለማን?"

"እሱን መጨረሻ ላይ ታያለህ።"

ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ ሠራተኛዋ ድካም ያጠለሸውን ፊቷን ቀና አደረገች። ወጣት ናት፣ ግን ድምፅዋ ከጠዋት ጀምሮ ጮሆ ሰልሏል።

"አባባ፣ እርስዎ ትንሽ ፈንጠር ይበሉልኝ። ምስክሩን ነው የምጠይቀው። ጋሼ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?"

"በደንብ።"

"በቤቱ የሚኖሩት ራሳቸው ናቸው?"

"ናቸው። ሳላቸው ሳይቀር በግንቡ ይሰማኛል።"

"ከቤቱ የሚከራይ ክፍል አለ?"

 በያጁ ይህችን ጊዜ እንደ ከረሜላ በምላሱ ሊያገላብጣት ፈለገ። ዞር ብሎ ቀያሹን አየው። ቀያሹም ጥያቄውን ሰምቶ ኖሮ ከዘራው ላይ የነበሩት ጣቶቹ ነጥተዋል።

"አለ" አለ በያጁ። "የጓሮዋ ክፍል ተከራይታለች።"

"እንግዲያው ነፃ መሆኑ ቀረ፣ አባባ" አለች ሠራተኛዋ፤ እስክሪብቶዋን አነሳች። "ኪራይ የሚያስገባ ቤት ነፃ አይሆንም። ዛሬውኑ ከከፈሉ ከቅጣቱ ይድናሉ።"

በያጁ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ግንቡ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ እንዲህ በሙሉ ሳንባው የተነፈሰ አልመሰለውም። ቀያሹ ግን ወደ መስኮቱ ተጠግቶ በሹክሹክታ "ተከራይ አይደለችም" አለ።

"ምን አሉ?"

"ተከራይ አይደለችም።"

"ራስዎ ለሰፈር ሙሉ ተከራይ ናት ያሉትን?" አለ በያጁ። "ይኸው ባለሱቁም አለ፣ ይጠየቅ።"

"ብለውናል" አለ ባለሱቁ ከሰልፉ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"ታዲያ ማን ናት?" አለች ሠራተኛዋ።

ቀያሹ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጋ።  

"ልጄ ናት።"

በያጁ ያልጠበቀው ነገር ነበር። የቀያሹን ልጅ ሰፈሩ በዝና እንጂ በመልክ አያውቃትም፤ ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ ነው ያደገችው። ትልቅ ተቋራጭ ማግባቷን፣ ቤቷ ሦስት ፎቅ መሆኑን ግን ያልሰማ የለም። ቀያሹ በየለቅሶው ቤት ሳይቀር ሲያወራው ኖሯል። ያቺ ሻንጣ ያንጠለጠለችው ናት ልጁ? ከባለ ሦስት ፎቁ ቤት ወጥታ የመጣችው?

በሩን ያዘዘችበት ቀን ትዝ አለው። ዱካ ላይ ተቀምጣ ሥራውን ስታይ ቆየችና "ጋሼ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር ወፍራም መወርወሪያ ይግባበት። አንድ አይበቃም፣ ሁለት ይሁን" አለችው። አከራይዋን ፈርታ መስሎት በልቡ ደስ ብሎት ነበር። ክፍሏ ላይ ገጥሞ ሲጨርስላት በሩን ከውስጥ ዘግታ፣ መወርወሪያውን ወርውራ፣ እዚያው ውስጥ ዝም ብላ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ያቺ ግቢ ካፈራቻቸው ሰዎች ሁሉ በያጁን ጋሼ ብላ የጠራችው እሷ ብቻ ናት።

"ጋሼ፣ ልጃቸው መሆኗን ያውቃሉ?" አለች ሠራተኛዋ። "ቤተሰብ ከሆነች ኪራይ አይባልም፣ ነፃ ይሆናሉ። የምጽፈው ግን እርስዎ የሚሉኝን ነው። ቶሎ በሉ፣ ልንዘጋ ነው።"

አላውቅም ማለት ውሸት አይሆንም ነበር። አላውቅም ብሎ ወደ ብረቱ መመለስ ይችላል። ቀያሹ ግብሩ ሲያቅተው ቤቱን ይሸጥ ነበር፤ ልጅቱም ሁለቱን መወርወሪያዎች ትታ ሻንጣዋን ታንጠለጥል ነበር። በያጁ ቀያሹ ሻንጣ ሲያንጠለጥል ማየት ይወዳል። እሷን ግን...

"አልሰማሁም" አለ።

"ምኑን?" አለች ሠራተኛዋ።

"ማን እንደሆነች። ሳልሰማ አልመሰክርም። ይንገሩኝ፣ ጌታዬ። ተከራይ ናት ያሉት ጮክ ብለው ነበር፤ ይሄንንም እንደዚያው ጮክ አድርገው ይበሉት።"

ሰልፉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስለ ውርሱ የምትጨቃጨቀው ሴት እንኳ አንገቷን አስግጋ ታይ ጀመር። ቀያሹ ሰልፉን አየ፣ ባለሱቁን አየ፣ ጣሪያውን አየ። የሚያድነው አላገኘም።

"ልጄ ናት!" አለ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ። "ባሏ ሲደበድባት ኖሮ ሸሽታ የመጣች ልጄ ናት። አፍሬ ነው ተከራይ ያልኳት። በቃ?"

ማንም አልሳቀም። ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። በያጁ ግን ዓይኑን ከቀያሹ ላይ አልነቀለም። ልቡ ራራ ብሎ የሚያወራ ካለ ዋሽቷል፤ በዚያች ሰዓት ልቡ የፈረሰውን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ እየቆጠረ ነበር።

"አሁን ሰማሁ" አለ ወደ ሠራተኛዋ ዞሮ። "ልጃቸው ናት። አፍንጫዋን ማየት ይበቃ ነበር። ይጻፉልኝ።"

ፈረመ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ብየዳ ነጥብ እየጠበቀ ጻፋቸው። ሠራተኛዋ ማኅተሙን አሳርፋ ለቀያሹ አስረዳችው፦ ነፃ መሆኑ ለአንድ ወር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በዚያ ወር ውስጥ ተቃውሞ ያለው ሰው ቢመጣ፣ ወይም ምስክሩ ቃሌን አንስቻለሁ ቢል፣ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። ወሩ ካለፈ በኋላ ግን የዘንድሮውን የሚነካው የለም።

ታክሲ ውስጥ ቀያሹ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት አጣጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተ። ከዚያም፣

"ቃልዎን አያነሱም አይደል?" አለ።

በያጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

"ወንድሜ... እዚያ ያስባሉኝን ብያለሁ እኮ።"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው አያነሱም?"

"ወር ረጅም ነው፣ ጌታዬ" አለ በያጁ።

ቃሉን የማንሳት ሐሳብ አልነበረውም። ያን ቢሮ ሁለተኛ ሊረግጠው አይፈልግም፤ ለሥራ የሚሆነውን ቀን ሰልፍ ላይ የሚጨርስ ሞኝ አይደለም። ይህን ለቀያሹ የሚነግርበት ምክንያት ግን አልታየውም።

ከታክሲው ሲወርዱ ልጅቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። የአባቷን ፊት አየችና ደነገጠች፤ እሱን መጠየቁን ትታ ወደ በያጁ ዞረች።

"ጋሼ፣ አለቀ?"

ቀያሹ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ በያጁ አፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆመ። አንዲት ቃል ነበረች የሚጠብቀው። በያጁ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"ለአንቺ አልቋል፣ ልጄ" አላት። "ለእሳቸው ግን ገና አንድ ወር ይቀራቸዋል።"

ያን ብሎ ብረቱን ሊበይድ ገባ።